ነጭ ሲባል ቀይ

ሆርሰንስ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024

ውድ ዶርተ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። የዘገየሁት በፖስታ ቤቱ ምክንያት ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ ፖስታ ቤቱም ለዚህ የሚመች ነው። እውነቱ ግን ደብዳቤሽ ከመድኃኒቶቼ ጎን ተቀምጦ በየጠዋቱ ሲያየኝ፣ እኔም እንዳላየ ሳልፈው ከረምን። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል። ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው፤ ማለትም የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የአባትሽ ጠላቂ ሆኜ ባሕር ሥር ስወርድና ስወጣ የተበላሸ ጆሮ ከእንግዲህ ምን ይጠገናል? ስለዚህ አትደውዪልኝ። ባለፈው "እሺ፣ እሺ" ያልኩሽ ምን እንዳልሽ ሳልሰማ ነው። እዚህ አረጋውያን ቤት ዓርብ ዓርብ ዓሣ ይሰጡናል፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ አራት ማዕዘን ዓሣ። የቤቱን ሠራተኛ "ይሄ የት ባሕር ውስጥ ነው የሚዋኘው?" ብላት ሳቀችብኝ።

መሥሪያ ቤትሽ ድንጋዩን ወደ ባሕር ሊመልስ ነው ማለትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ዕድሜ ልካችንን ያወጣነውን እናንተ ልትከቱ! አባትሽ ላውሪትስ በሕይወት ቢኖር "መጀመሪያውኑ ተዉት ቢሉን ኖሮ ወገባችን ይተርፍ ነበር" ይል ነበር። ግን ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። የየመንደሩ ወደብና የማዕበል መከላከያ ሁሉ የተሠራው "ድንጋይ አጥማጅ" የሚባሉ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ከባሕር ሥር ባነሱት ድንጋይ ነው። የባሕሩ ወለል ራቁቱን መቅረቱን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ አዎ፣ ፎቶ አንስተሽ የላክሽልኝ ገጾች የጀልባችን የ"ፎርቱና" መዝገብ ነው። የእጅ ጽሑፉም የአባትሽ ነው። እንደ እሱ የሚያምር ጽሑፍ የነበረው ሰው በመንደሩ አልነበረም።

ያንቺው ቪጎ


ቬስተርነስ፣ ማርች 3 ቀን 2024

አጎቴ ቪጎ፣

"የእጅ ጽሑፉም የአባትሽ ነው" የምትለዋን ቃልህን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ዘለልኩ! ለካ እስካሁን በደንብ አላስረዳሁህም። ፈቃድ የሚሰጠን ድሮ ድንጋይ እንደነበረበት ማስረጃ ባለው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ድንጋይ ከሌለ የባሕር አረም የሚይዘው ነገር የለም፤ አረም ከሌለ ለትናንሽ ዓሦች መደበቂያ የለም፤ ትናንሾቹ ካላደጉ ቶርስክ ዓሣም የለም። በዚህ ባሕር ወሽመጥ ሰባት ቦታ ድንጋይ እንመልሳለን፣ በዙሪያውም የባሕር ሣር እንተክላለን። ሁሉም የሚጀምረው ከአባዬ መዝገብ ነው።

"ከጀልባ ሲታይ ነጩ ቤተ ክርስቲያን ከነፋስ ወፍጮው ላይ፣ ቀዩ ቤተ ክርስቲያን ከበረዶ ቤቱ ላይ ሲገጥም" ይላል መዝገቡ። ሁለቱን መስመር ካርታ ላይ ሳሰምር ባሕሩ ውስጥ ደቡቡ ሜዳ የምትሉት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በ1994 ጸደይ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ እዚያ ሠርታችኋል። የውሻ ጀርባ የምትሉት ድንጋያማ የባሕር ወለል የተከለለው በዚያው ዓመት ነው አይደል? አየህ፣ ሌሎቹ እየተደበቁ ሲያነሱ አባዬ ሕጉን አክብሮ ወደ ተፈቀደው ቦታ ዞረ። ይህንን በመንደሩ አዳራሽ ተናገርኩ። "አባቴ ከክልከላው በኋላ የውሻ ጀርባን አንድ ድንጋይ አልነካም" ስል አጨበጨቡ። አልቅሼ ነበር፣ አትሳቅብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሁለት ቦታ በመሣሪያ ወግተን አየነው፤ ወለሉ ጠንካራ ነው። አንተ ግን በእግርህ ቆመህበታል። ከሥሩ ምን ነበር?

ዶርተህ


ሆርሰንስ፣ ማርች 20 ቀን 2024

ውድ ዶርተ፣

የላክሽልኝ አጃ ዳቦ ደርሶኛል። ሄሪንግ ዓሣ ሳይልኩ ዳቦ መላክ ፈረስ ሳይሰጡ ልጓም እንደመስጠት ነው፣ ግን አመሰግናለሁ።

ዛሬ አንድ የድሮ ጨዋታ ትዝ አለኝና ልጻፍልሽ። የ"ኔፕቱን" ጀልባ ባለቤት ኦቨን ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን አባትሽ መጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ረስቶ ወጣ። ረሳ ተባለ እንጂ ረስቶ አይመስለኝም። ኦቨ ገልጦ ምልክቶቹን ገለበጠ። በማግስቱ ደቡቡ ሜዳ ሄዶ የድንጋይ ማንሻ ጉጠቱን ጣለ። አሥር ቀን ሙሉ ጭቃ ሲጎትት ሰነበተ። ወደብ ሲገባ አባትሽ ቆሞ ጠበቀውና፣ "ኦቨ፣ ሸክላ ሥራ ጀመርክ እንዴ?" አለው። ከዚያ በኋላ ኦቨን መንደሩ ሁሉ "ሸክላ ሠሪው" ብሎት ቀረ።

የድንጋይ አጥማጅ መዝገብ እንዲህ ነው። ማንም እውነቱን አይጽፍም። እያንዳንዱ ውሸቱን የሚፈታ የየራሱ መክፈቻ ነበረው፤ መክፈቻውን የሚያውቁት ባለ ጀልባውና ጠላቂው ብቻ ናቸው። ይህንን ለምን እንደጻፍኩልሽ እያሰብሽ አንብቢው።

ስለ ወለሉ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። እጄ ደክሟል።

ቪጎ


ቬስተርነስ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2024

አጎቴ ቪጎ፣

"ሸክላ ሥራ ጀመርክ እንዴ!" ለቢሮው ሁሉ አንብቤላቸው አንዷ ቡናዋን ደፋች። አባዬ ደግሞ እንዴት ያለ ተንኮለኛ ነበር! ግን አትስጋ፣ ያ የመጠጥ ቤቱ ሌላ መዝገብ መሆን አለበት። ይሄኛውን ያገኘሁት ቤት ውስጥ፣ ከእማዬ የመዝሙር መጽሐፍ ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰው ለገዛ መሳቢያው አይዋሽም፣ አይደል?

ስለ ወለሉ አልመለስክልኝም። ክፉ ነገር ቢኖር ትነግረኝ ነበር ብዬ ዝምታህን እንደ እሺታ ቆጥሬዋለሁ። ድንጋዩ ከኖርዌይ ተጭኗል፤ መርከቡ ሜይ 6 ይደርሳል። መኪና ልልክልህ ነው፣ መጥተህ ማየት አለብህ።

ሌላ ወሬ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ። የእማዬ መቃብር ሠላሳ ዓመቱ በዚህ ዓመት ያበቃል። ካላሳደስኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል፣ ድንጋዩንም ያነሱታል። መቃብሩን እንጃ፣ ድንጋዩን ግን ለማንም አልሰጥም። አባዬ ራሱ መርጦ ያቆመላት ነው።

ዶርተህ


ሆርሰንስ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2024

ውድ ዶርተ፣

ጉንፋን ጥሎኛል። መምጣት አልችልም፤ መኪናውን አትላኪው።

ሁለት ደብዳቤ ጽፌልሽ ሁለቱንም ቀድጃለሁ። ይሄኛው አጭር የሆነው ለዚህ ነው።

መርከቡን ለጥቂት ሳምንት ማዘግየት አይቻልም? ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ሽማግሌ ለመነኝ በይ።

ቪጎ


ቬስተርነስ፣ ሜይ 17 ቀን 2024

ለተከበሩ አቶ ቪጎ፣

ከላይ የተጻፈውን አጠራር ተሳስቼ አልጻፍኩትም።

"አዘግዪ" ያሉኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ሜይ 7 ነው። ድንጋዩ የወረደው በዋዜማው ነው። ከአራት ቀን በኋላ ጠላቂ ልከን ነበር። ግማሹ ድንጋይ የለም፤ ጭቃው ውጦታል። የተረፈው ያረፈው የባሕር ሣር ላይ ነው። መሣሪያችን በወጋባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ወለሉ ጠንካራ ሆኖ አግኝተነው፣ ለቀረው ሁሉ በመዝገቡ ተማምነን ነበር። ያ ሣር ማንም ሳይተክለው ራሱን ችሎ የመጣ፣ በወሽመጡ የቀረ ትልቁ የሣር መስክ ነበር። ልንጠብቀው የተቀጠርነውን ነገር በገዛ እጃችን ቀበርነው። ሥራው ቆሟል። ትናንት በስብሰባው ላይ አለቃዬ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ የሸክላ ሠሪውን ጨዋታ እንደገና አነበብኩት። ያን ቀን ያሳቀኝ ነገር አሁን ፊቴን አቃጠለኝ። መዝገቡን አወጣሁ፤ ነጭ የሚለውን ቀይ፣ ቀይ የሚለውን ነጭ አድርጌ መስመሮቹን እንደገና አሰመርኩ። የት እንደተገናኙ እርስዎ ያውቁታል። የውሻ ጀርባ ላይ።

ቀኖቹንም አየሁ። አሥራ አራቱም ከክልከላው በኋላ ናቸው።

እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መዝገቡን ስልክልዎ ያውቁ ነበር?

ዶርተ ላውሪትሰን


ሆርሰንስ፣ ሜይ 23 ቀን 2024

ዶርተ፣

አውቅ ነበር።

እርስዎ የሚለኝ ባንኩ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆናችሁ። ይገባኛል፤ ማለቴ ይገባሻል። ምን ማለቴ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ አፍሬ ነው የምጽፈው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደ። የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ስከፍት ልነግርሽ ነበር። "መክፈቻው ነጭ ቀይ ነው" ብዬ ከጻፍኩ ግን ሁለት በር እንደምከፍት ገባኝ። አንደኛው በር ቦታውን ያሳይሻል፤ ሁለተኛው አባትሽን። አባትሽ ቀለሞቹን የቀያየረው መጀመሪያ እነ ኦቨን ለማሳሳት ነበር። የውሻ ጀርባ ሲከለል ግን ያው ቅያሬ መሸሸጊያ ሆነን። ተቆጣጣሪው መጥቶ መዝገቡን ገልጦ አየ፤ ደቡቡ ሜዳ ይላል፤ ማኅተሙን መትቶ ሄደ። እኛም በጉም እየተሸፈንን አሥራ አራት ጊዜ ተመላለስን። ከዚያ ጸደይ በኋላ የውሻ ጀርባ ላይ ቶርስክ አላየሁም። ባለ መረቦቹ ጀልባቸውን ሸጡ። አባትሽ በየስብሰባው ሲጠየቅ ጥፋቱን ዓሣ በሚበላው የባሕር እንስሳ፣ በአቆስጣ ላይ ይጭን ነበር። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ራሴን በአዎንታ እነቀንቅ ነበር።

የላውሪትስን ስም ብቻ ልጠብቅለት ብዬ ዝም አላልኩም። እንደዚያ ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። እሱ ከላይ ሆኖ ገመድ ይስባል፤ ጉጠቱን ድንጋዩ ላይ የማጠምደው እኔ ነኝ። የማየውም እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፤ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ብትሰሚው ይብሳል። እናትሽ ገርዳ በዚያ ጸደይ ስትሞት አባትሽ "ለእሷ ከባሕር ሥር ካልሆነ አልፈልግም" አለ። የመጨረሻው የአሥራ አራተኛው ቀን ድንጋይ የእሷ ነው። ከውሻ ጀርባ አናት ላይ አነሳነው። ጀልባው ላይ ሲያርፍ አንድ ዓሣ ተጣብቆበት ነበር፤ ያ "ድንጋይ ነካሽ" የምንለው፣ ሆዱ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው፤ ወንዱ እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ ላይላቀቅ የሚጠብቀው። ድንጋዩን ከባሕር ብናወጣውም አልለቀቀም። እንቁላሎቹ ከሥሩ ነበሩ። አባትሽ ሲያየው ቁጭ አለ። ከዚያ በጣቶቹ ቀስ ብሎ አላቀቀውና ወደ ባሕሩ መለሰው። ወለሉ ላይ የሚመለስበት ነገር እንዳልነበረ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። "ቪጎ፣ በቃን" አለኝ። በቃንም። ሰው ሁሉ ሕጉን አክብሮ የተወ መሰለው። የተወው አፍሮ ነው።

ከዚህ ጋር ፈርሜበት የላክሁት ወረቀት አለ። መክፈቻው፣ ቀኖቹ፣ የድንጋዩ ብዛት፣ ሁሉም ተጽፏል። ጠላቂው እኔ ነኝ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትዪኝ እውነትሽን ነው። ስሜን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ለማንም አሳዪው። የአባትሽን ስም ግን አንቺ ወስኚ፤ ልጁ አንቺ ነሽ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ መልስ ስጪኝ ማለት ስለሚሆንብሽ ተውኩት።

ቪጎ


ቬስተርነስ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024

አቶ ቪጎ፣

በጋውን ሙሉ ሳልጽፍልዎ ቆየሁ። ፖስታ ቤቱ ነው አልልም።

ወረቀትዎ ከደረሰኝ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ማንም እንዳያየው ደብቄው ነበር፤ የት ቢሉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ ከእማዬ መዝሙር መጽሐፍ ሥር። ለመሥሪያ ቤቱ "ካርታ ላይ ሳሰላ ተሳሳትኩ" ብዬ ደብዳቤ አርቅቄ ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ጥፋቱ የእኔ፣ አባዬም ንጹሕ። በሃያኛው ቀን ጠዋት ልልከው ስነሳ፣ ያኔ በአዳራሹ ሳለቅስ ያጨበጨቡልኝ እጆች ታዩኝ። ደብዳቤውን ብልከው ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረብኝ፣ ሌላ ማስረጃ መፍጠር ነበረብኝ፣ እንደገና ሌላ ሣር ላይ ድንጋይ ማራገፍ ነበረብኝ። አልላክሁትም።

የመንደሩን ሰዎች እዚያው አዳራሽ ጠራኋቸው። መዝገቡን፣ ቀጥሎም የእርስዎን ወረቀት አነበብኩ። "አባቴ አንድ ድንጋይ አልነካም ያልኳችሁ ሐሰት ነው" አልኳቸው፤ ከኋላ ላሉትም ደገምኩት። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዱ "ሳናውቅ ቀርተን ነው?" አለ፤ ሌላዋ ደግሞ "ታዲያ እስከ ዛሬ አቆስጣውን ምን አድርጎ ሰደብነው!" አለች። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ቆምኩ።

ከዚያ ኦቨ ተነሣ። ዘጠና ዓመቱ ነው፤ ለመነሣት ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። "እኔም አለኝ" አለ። "ምን?" አልኩት። "መዝገብ ነዋ። የእኔ ደግሞ ሰሜንን ደቡብ ነው የሚለው። አሸዋ ሸሸግ የሚባለውን ቦታ ያራቆትኩት እኔ ነኝ፤ በክልከላ ጊዜ። ሸክላ ሠሪው አላችሁኝ እንጂ ሌባው ያለኝ የለም።" ተቀመጠ። ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። በማግስቱ የአንዱ ሟች ልጅ መጣ፤ በሳምንቱ ሌላው። ደጄ ላይ ቆመው አያዩኝም፤ መዝገቡን ይሰጡኛል፣ መክፈቻውን በጆሮዬ ይነግሩኛል፣ ይሄዳሉ። አሁን ስድስት መዝገብ አለኝ፤ ስድስቱም ውሸት፣ ስድስቱም ከነመክፈቻቸው። ሰባት ቦታ እንፈልግ ነበር፤ ያገኘነው አሥራ አንድ ነው። ደቡቡ ሜዳ ላይ የተቀበረው ሣር ግን አልተመለሰም። ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ በየወሩ ሄጄ አየዋለሁ፣ በየወሩ አፍሬ እመለሳለሁ።

መርከቡ ኦክቶበር 1 የውሻ ጀርባ ላይ ያራግፋል።

ስለዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው መጻፍ የፈለግሁት። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ከከበደኝ፣ አንተ ሠላሳ ዓመት እንዴት ቻልከው? ተናድጄብሃለሁ፣ አሁንም አልበረደልኝም። ግን ደብዳቤህን ደብቄ ሻይ ሳፈላ፣ ሰው ሰላም ስል፣ ገበያ ስወጣ፣ አንተን ሆኜ እንደነበር ገባኝ።

የእማዬን መቃብር አላሳደስኩም። ድንጋዩን ሊያነሱት ሲመጡ "ለእኔ ስጡኝ" አልኳቸው፤ አሁን ግቢዬ ውስጥ ተቀምጧል። ከመርከቡ ጋር ይሄዳል። ከሌሎቹ መሀል ዝም ብለው እንዲወረውሩት ግን አልፈልግም፤ ከተነሣበት ቦታ እንዲያርፍ ነው የምፈልገው። ስሟ የተቀረጸበት ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች? ቦታው የት ነበር? በእጁ ያነሳው ሰው አንተ ብቻ ነህ።

መልስልኝ፣ አጎቴ ቪጎ።

ዶርተ


ሆርሰንስ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2024

ውድ ዶርተ፣

"አንተ" የሚለውን ቃል ስደርስበት መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። ጉንፋን ነው።

አባትሽ ስሟን ያስቀረጸው በለስላሳው ጎን ላይ ነው። ያ ጎን ድሮም አሸዋው ላይ የተኛው ነው፤ ስለዚህ ስሟ ወደ ታች ይሁን። ሻካራው ወደ ላይ፣ ጎርበጥ ያለው ወደ ምሥራቅ። ዓሣው ተለጥፎ የነበረው በእሱ በኩል ነው፤ ሌላ ከመጣም እዚያው ይፈልጋል።

ለመርከቡ ሰው እንዲህ በዪው፦ ነጩ ቤተ ክርስቲያን ከበረዶ ቤቱ ላይ፣ ቀዩ ቤተ ክርስቲያን ከነፋስ ወፍጮው ላይ ሲገጥም ቀስ ብሎ ይልቀቀው።

ነጭ ስል ነጭ ማለቴ ነው።

ቪጎ